ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ያደረገችው ምልክት

«ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

«እኔ ብቻ!»

ልብስ ሰፊዋ በሩን ገርበብ አድርጋ በሰውነቷ ከልላዋለች...

ደጅ የቆመችው የወታደር ልብስ የለበሰች ነርስ ናት። ከጦር ሆስፒታል ነው የመጣነው ይላሉ... ቤት ለቤት የሳንባ ነቀርሳ ሊመረምሩ!

«ወታደር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለእኛ ሳል የተጨነቀው?» አለች በሆዷ።

የሃያ ዓመት ልጇ ጓዳ ውስጥ ትራስ አፉ ላይ አፍኖ ከሳሉ ጋር ይታገላል...

ነርሷ ማስታወሻዋ ላይ የሆነ ነገር ጫር ጫር አደረገች። በሩ ላይ በጠመኔ ክብ ሠርታ ሄደች።

ነገሩ አልጣማትም። ወጥታ የጎረቤቶቿን በር አየች...

ሁሉም ጋ ራይት ነው። ክብ የእሷ በር ላይ ብቻ!

«በቃ! ልጄን ለውትድርና መዝግባብኛለች!»

ክቡን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው። የስፌት ጠመኔዋን አምጥታ ራይት አደረገችበት።

በማግስቱ ሌሎች መርማሪዎች መጡ... ምልክቱን አይተው አለፉ። ተገላገልኩ ብላ ተነፈሰች።

በሦስተኛው ሳምንት ልጇን ደም አሳለው።

ምን ይዋጣት? ግራ ገብቷት ስትንቆራጠጥ በሩ ተንኳኳ።

ያቺው ነርስ ናት... ግን በተራ ቀሚስ። ብቻዋን።

«ምልክቱን አታዪም እንዴ? ተመርምሯል!»

«እናቴ፣ እኛ ከራይቱ ሥር ቀን እንጽፋለን። የእርስዎ ቀን የለውም።»

ልብስ ሰፊዋ ሮጣ የጓዳው በር ላይ ቆመች።

«እሱን ከምትወስዱብኝ እኔን ውሰዱኝ!»

ነርሷ መጀመሪያ ግር አላት... ከዚያ ገባት። ማስታወሻዋን ገልጣ ሰጠቻት።

«ጓዳ ውስጥ የሚስል ሰው አለ። እናትየዋ ፈርታለች። ዩኒፎርም ሳልለብስ ልመለስ» ይላል።

ክብ ማለት ለካ «ተመልሳችሁ እዩ» ማለት ነው!

«ከዳነ በኋላ ግን ትወስዱታላችሁ፣ አይደል?»

«በዚህ ሳንባ? ቢለምነንም አንወስደውም!»

ልብስ ሰፊዋ ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለባት።

ልጁ ስድስት ወር መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወሰደ... ዳነ። ተመስገን ነው!

ግን በነዚያ ሦስት ሳምንታት ልብስ ለመለካት ስትመላለስ የነበረች አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤት ነበረች። ዛሬ ያንኑ መድኃኒት እሷም ትውጣለች።

ልብስ ሰፊዋ እስካሁን የጎረቤቷን ፊት ቀና ብላ ማየት አቅቷታል...

ወገኖቼ፣ መጠርጠር ነውር አይደለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ብሆን መጀመሪያ ቀን አልከፍትም ነበር! ግን «ለምን መጣችሁ?» ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅን ማን ከለከለን? እኛ የደበቅነው በሽታ እኮ ጎረቤት ቤት ይገባል።

እናንተስ... ወታደር በራችሁን አንኳኩቶ «የሚስል ሰው አለ?» ቢላችሁ ምን ትሉት ነበር?

ሳትዋሹ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ...