ቀላሉ ሰደፍ

በዚያ ዘመን የውኃው ጉድጓድ ሕግ አጭር ነበር፤ ጠብመንጃ አንስቶ ትከሻው ላይ ማድረስ የቻለ ሁሉ፣ ዕድሜው ሳይጠየቅ ዘብ ይወጣል። ከወጡትም የሚመለሱት ጥቂት ነበሩ።

አናጢውን ባንተይርጋን ግን የሚያንገበግበው ሌላ ነው። የዘቡ ሹም ድሮ በሰው ፊት፣ «አንተ ሳጥን ጠራቢ፣ ከመሣሪያ ምን አገናኘህ?» ብሎታል። ያችን ቃል ሲያመነዥግ ኖሮ፣ እንጨት በጠፋበት አገር የልጁን የውዴን አልጋ ፈልጦ፣ ስስ ስሱን ጣውላ ደራርቦ በሙጫ አጣብቆ፣ ርካሽና ቀላል ሰደፍ ሠራ።

ሹሙ ሊያይ ቤቱ መጣ። አዲሱ ሰደፍ የተገጠመለትን ጠብመንጃ በአንድ እጁ ሰበቀና፣ «ጋሽ ባንተይርጋ፣ አፌን በቆረጠው!» አለ።

የባንተይርጋ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ግን አልበቃውም።

«ገና ምኑን አይተህ! ውዴ፣ ነይ እስቲ አንሺው!»

«ተው አንተ ሰውዬ!» ብላ ሚስቱ አገሬ ከጓዳ ጮኸች።

የስድስት ዓመቷ ውዴ እየሳቀች አነሳችው። ሰደፉ ለትከሻዋ የተለካ ይመስል ልክክ አለ።

ሹሙ አልሳቀም። በርከክ ብሎ፣ «ነገ ጠዋት ጉድጓዱ ጋ እንገናኝ፣ የኔ እመቤት» አላት።

አገሬ ባሏን ቀና ብላ ሳታይ፣ አልጋው በነበረበት መሬት ላይ የተነጠፈውን የልጅቷን ብርድ ልብስ ማጠፍ ጀመረች።