አደራ የማይደርስበት ደሴት

አንዲት ቃል ብዋሽ ዕድሜዬ እዚሁ ይቆረጥ! የቦሌ ሚካኤሉ መጋረጃ ነጋዴ ሰይድ ባዶ እጁን ተጉዞ አያውቅም። ከላምበረት ተሳፍሮ ደሴ ሲሄድ እንኳ ጎረቤቱ ሁሉ «ይቺን ለእናቴ አድርስልኝ» እያለ ስለሚያሸክመው፣ እሱ ሲገባ የአውቶብሱ ጎማ ይተነፍስ ነበር። እምቢ ማለት አይችልም። አፉ የተማረው «እሺ» ብቻ ነው።

ከሐቢባ ጋር በተጋቡ በሃያ አምስተኛ ዓመታቸው ግን ቆረጠ።

«አንድ ሳምንት ደሴት እንሄዳለን። የሰው ዕቃ የለም! የራሴን ቁምጣ ብቻ!»

ሐቢባ ስልኳን አሳየችው። «ሮድሪገስ የምትባል አለች። ውሃዋን እየው፣ መስታወት!»

«ይሄ የኳስ ተጫዋች ስም ነው እንጂ የደሴት ነው? ዛንዚባር ነው የምንሄደው። መስጊዱ አለ፣ ሩዙ አለ፣ ምን ጎደለ?»

«አንተ ካልክ» አለች። አልተከራከረችም።

በማግስቱ ብረት በያጁ ጉግሳ አንድ ኩንታል በርበሬ በጋሪ እየገፋ ከች አለ። «ሰይዴ፣ ዛንዚባር ነው አሉ! የእህቴ ልጅ እዚያ በርበሬ አጥታ ከስታ አለቀች።»

ሰይድ «እሺ» አለ። ከዚያ እያላበው ቦሌ መድኃኔዓለም ወዳለው የትኬት ቢሮ በረረ።

«ሣባ ልጄ፣ ማልዲቭስ አድርጊልኝ። ቀስ ብለሽ! ሰው እንዳይሰማ።»

«ጋሼ፣ እዚህ ያለነው እኮ እኔና እርስዎ ብቻ ነን።»

ጉግሳ ጉዞው መቀየሩን ሲሰማ ጋሪውን እየገፋ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በሁለተኛው ቀን ግን ባለሱቋ ሀጀር ደረቷ ድረስ የሚደርስ የሽሮ ጆንያ አስጎትታ መጣች፤ ወንድሟ ማልዲቭስ ወጥ ቤት ይሠራል። ሰይድ ወደ ሲሸልስ ሸሸ። ሹፌሩ እንድሪስ የጥጥ ፍራሽ ተሸክሞ ደረሰ። «ሲሸልስ ያለውን አማቼን የፈረንጅ ፍራሽ ወገቡን ገደለው፣ ወንድሜ!»

ሰይድ ሊያብድ ደረሰ።

«ይቺ ሣባ ናት የምትዘራው! እኔ ቤት ሳልደርስ ወሬው ሰፈር ይደርሳል» አለ።

«የዘንድሮ ልጆች አፍ!» አለች ሐቢባ ሻይ እየቀዳችለት። «አሁንስ የት ልትሄድ አሰብክ?»

ሲነጋ ቢሮው ሳይከፈት በር ላይ ቆሞ ጠበቀ።

«ሣባ፣ ሐበሻ ያልገባባት ደሴት የለችም?»

«እሱማ ይከብዳል ጋሼ።»

«ቆይ፣ ያቺ የኳስ ተጫዋቿ... ሮድሪገስ! እዚያስ?»

ልጅቷ ኮምፒውተሯን ጎረጎረች። «እዚያ ያለ ሐበሻ እኔ አላውቅም።»

«ቁረጪ!»

ሦስት ቀን በሩን እያየ ተጨነቀ። ማንም አላንኳኳም። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣው አራት ኪሎ ሲመዝን የሚዛኑ ሠራተኛ «አባባ፣ ዕቃ ረስተው ነው?» አለው። ሰይድ እንባው መጣ። የማንም እናት፣ የማንም አማች የለም፤ ቁምጣው ብቻ!

መቀመጫው ላይ ተንፈላሰሰ። «አየሽ፣ በብልሃት ነው! ሣባንም ሰፈሩንም ሸወድኳቸው።»

«አንተ ካልክ» አለች ሐቢባ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

ይኸው ነው። እኔ የፈጠርኩት የጉግሳን ኩንታል ብቻ ነው፤ ግማሽ ኩንታል ነበር። ዘመዶቹን ፈጥራ ጎረቤቶቹን የላከችበት ሐቢባ ናት።