ማንም ያልወጣበት ደወል

ደወለችው! ሚጢጢ ደወሉን ደወለችው! በሁለት እጇ አንቃ ይዛ፣ ምላሷን ነክሳ፣ ደን ደን ደን! ክፍሉ በሙሉ ግር ብሎ ተነሳ፣ ቦርሳውን አንጠለጠለ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ በሩ ላይ ተሰለፈ። ከዛ ቲቸር «ተቀመጡ! የውሸት ነው!» አለችና ሁሉም ተመልሰው ቁጭ። ወጪዋ ሚጢጢ ብቻ ሆነች። ኧረ ጉድ በሉ!

እሺ ቆይ ቆይ፣ ከበሩ እንጀምር። ታላቅ እህቷ የኬጂውን በር ስታንኳኳ መውጫ ሰዓት ትንሽ ነው የቀረው። ሆን ብላ ነው። እናቶቹ በሩ ላይ ሳይሰበሰቡ፣ «ምነው፣ በሰላም ነው?» ሳይሏት፣ ሚጢጢን ላፍ አድርጋ ውልቅ ልትል። ከትምህርት ቤቷ በምሳ ሰዓት ሹልክ ብላ ነው የመጣችው፣ ከሰዓት ትምህርቷ ይቀጥላላ! ስምንተኛ ክፍል ቀልድ መሰላችሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አያታቸው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ቆዩ። ቀን ቀን ያዩዋቸው የነበሩት ጎረቤት ሰፈር ቀየሩ። እናትየው ላውንደሪ ቤት የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ነው የምትውለው፤ አንድ ቀን ከቀረች በቦታዋ ሌላ ሰው ይቆማል። እና ትናንት ራት ላይ «ከሁለታችሁ አንዳችሁ እቤት ትቀመጣላችሁ» አለች። ታላቅየዋ ናት ቀድማ አፏን የከፈተችው፦ «ሚጢጢ ትቅር። ገና አምስት ዓመቷ ነው፣ በሕግ እንኳን እስከ ሰባት ማንም አይጠይቅም።» እናትየው ነገሩን እንደ አንሶላ እጥፍ አድርጋ አስቀመጠችው። አለቀ። ሚጢጢ ያን ጊዜ ጠረጴዛው ሥር ገብታ ድመት ሆና «ሚያው» ትል ነበር።

«ምነው ዛሬ በጊዜ?» አሏት ዘበኛው በሩን እየከፈቱ። «ሚጢጢ ስብሰባ ተጠራች እንዴ?»

«ልትቀር ነው አባባ።»

«ዛሬ?»

«ሁሌም።»

ዘበኛው የጀመሩትን ሳቅ መልሰው ዋጡት።

ቲቸር ደግሞ ሰምታ ልትውጠው አልቻለችም። «የአምስት ዓመት ልጅ አያቷን ትጠብቃለች? ማንን ማን ነው የሚጠብቀው?»

«እኔ ምን ላድርግ ቲቸር፣ እማዬ ናት ያለችው» አለች ታላቅየዋ፣ መሬት መሬት እያየች። አያችኋት? እማዬ ናት!

አሁን ወደ ደወሉ። እዚህ ኬጂ የመውጫውን ደወል የሚደውለው ልጅ ነው፣ በየቀኑ በአቀማመጥ ተራ። ተረኛው ሲደውል ሌላው ተነስቶ ይሰለፋል። ተረኛ መሆን ማለት በቃ ንጉሥ መሆን ማለት ነው። የሚጢጢ ተራ ነገ ነበር። ሰሞኑን እቤት ብርጭቆውን በማንኪያ እየመታች ሰው ስታደነቁር የከረመችው ለዚህ ነው። ታላቅየዋ ይሄን አሳምራ ታውቃለች። አንድ ቀን ብቻ እኔ እቤት ልዋል ማለት ትችል ነበር። ግን ነገ የመረብ ኳስ ቡድን የሚመረጥበት ቀን ነው፣ እና እሷ መመረጥ ፈልጋለች።

ቲቸር አንጀቷ አልችል አለ። «እንግዲያው ሳትደውልማ አትሄድም!» ብላ ደወሉን ከመደርደሪያው አውርዳ ሰጠቻት። ደግነቷ መሆኑ ነው። ለሌሎቹ ልጆች ግን አስቀድማ መንገር ረሳች።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ተነሱ፣ ተሰለፉ፣ «የውሸት ነው!» ተባሉ። የዛሬው ተረኛ፣ የፊት ጥርሱ የወለቀው ልጅ፣ ደወሉን በመቀማቱ አብዶ ነበር። «ሚጢጢ መደወል አትችልም!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ ተቀበለው፣ ጠረጴዛ እየደበደበ፦ «ሚ-ጢ-ጢ አት-ችል-ም! ሚ-ጢ-ጢ አት-ችል-ም!» ሚጢጢ ደወሉን ደረቷ ላይ አቅፋ ቀረች። ቲቸር ጣቶቿን አንድ ባንድ ፈልቅቃ ነው የወሰደችባት።

ውጭ ከወጡ በኋላ ነው የጠየቀችው።

«እታለም፣ ለምን አልወጡም?»

እውነቱ የታላቅየዋ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ብትነግራት ታለቅሳለች፣ ነገ ጠዋትም ቦርሳዋን አዝላ በር ላይ ትቆማለች። እና ምን አለቻት መሰላችሁ?

«በደንብ ስላልደወልሽ ነዋ።»

«ቲቸር ተቆጣች?»

«በጣም። እስክትችይ ድረስ እቤት ሆነሽ ተለማመጂ ብላለች። አያቴ ጋ ቁጭ ብለሽ።»

ምናለ ብታለቅስ! አላለቀሰችም። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረግ አድርጋ «እሺ» አለች። ታላቅየዋ ደግሞ ቅልል አላት፣ እኮ ቅልል! እንዲህ በቀላሉ ያልቃል ብላ መች አሰበችና።

ጥጉ ጋ ሲደርሱ ከኋላቸው ተደወለ። የእውነቱ። የወላቃው ደወል። ደን... ደን... ደን... በሩ ብርግድ አለ፣ የልጆች ጩኸት መንገዱን ሞላው።

ሚጢጢ እጇን ከእህቷ እጅ መንጭቃ ቆመች። ዞራ አላየችም። ዓይኗን ጨፍና፣ ጆሮዋን አቁማ፣ እስኪያበቃ አዳመጠችው። ከዛ ባዶ እጇን ወደ ላይ አነሳችና እንደሰማችው ነቀነቀችው።

«ቀስ ተደርጎ ነው ለካ! እኔ አፍጥኜው ነው፣ አይደል እታለም? እንዲህ ነው? አሁንስ?»

«ትንሽ ከፍ አድርጊው» አለች ታላቅየዋ፣ ትምህርቷ እንዳይረፍድባት እየጎተተቻት።

ሚጢጢ ከፍ አደረገችው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?