ገጽ ሰባት፣ ሦስተኛው ቃል

የኮምፒውተሩ ጌም መርጋን ሁለት ጊዜ አባርሮታል፤ የቀረው አንድ ሙከራ ብቻ ነበር። ከመከፈቱ በፊት ከመመሪያው መጽሐፍ ገጽ ሰባት ላይ ሦስተኛውን ቃል እንዲጽፍለት ይጠይቃል። መርጋ ደግሞ ከአዲስ አበባ ያመጣው የተገለበጠ ዲስኬት እንጂ መጽሐፍ አልነበረውም። እግሩ ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ አለ። የምሳ ሰዓት ሊያልቅ ነው፤ የባኮ ከተማ መብራት እንደሆነ አይታመንም።

"ሠሪዎቹ መጽሐፉን የሚጠይቁህ እንዳትሰርቅ ብለው ነው" አለች ሸምሲያ። በበቆሎ ምርምር ፕሮጀክት የሥራ ባልደረባው ናት፤ ውጭ ተምራ ስትመለስ ይህንኑ ጌም ከነመጽሐፉ ገዝታ መጥታለች። "ሰው የለፋበትን ገልብጦ መጫወት ሌብነት ነው።"

"ታዲያ ከየት ልግዛው? ጉደር ገበያ ሄጄ?"

ሸምሲያ ብድግ ብላ መጣች። መርጋ ኮምፒውተሩን ልታጠፋበት መስሎት ማብሪያውን በእጁ ከለለ። እሷ ግን በትከሻው ላይ ተንጠራርታ፣ መጽሐፍ ሳታይ፣ አንዲት ቃል መታች። ጌሙ እየዘፈነ ተከፈተ።

መርጋ አፉን ከፍቶ ዞረ። ሸምሲያ ከቦርሳዋ የገዛችውን ዲስኬት አውጥታ አሳየችው፤ ነጭ ሻጋታ ውስጡን በልቶታል።

"የባኮ ወበቅ ነው። ሌላ ቅጂ ላስቀምጥ ብል፣ እንዳይገለበጥ አድርገው ነው የሠሩት። ያንተው ግን መቆለፊያው ስለተሰበረ ይገለበጣል።"

ከዚያ ዓይኑን ሳታይ ባዶ ዲስኬት እጁ አጠገብ አኖረች።

"በል፣ አንተ ሌባ፣ ለእኔም አንድ ገልብጥልኝ።"