የማማው መጋረጃ

ስታማታ የመብራት ማማውን ልትጎበኝ ስትመጣ ጠባቂው ፓናጎስ በሩ ላይ ይጠብቃት ነበር። የመንደሩ ቄስ ቀድመው ደውለውለታል፦ «ሴትዮዋ ደህና አይደለችም። ‹ከዛሬ ወዲያ ማማው ላይ አልወጣም› ብላኛለች። ክንዷን እንዳትለቅ።»

ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ገደሉን በእግሯ ወጥታ መጣች። እንደ ማኒ አገር ባልቴት ሁሉ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች። ባሏ ሊኩርጎስ ከሞተ ወዲህ ሻሿን ሰው ፊት አውልቃ አታውቅም።

«መኪና ልኬ ባስመጣዎት ምን ነበር፣ እማማ?»

«ሬሳ ስሆን ትልካለህ። አሁን ውሃ ስጠኝ።»

ሊኩርጎስ እዚህ ሠላሳ ዓመት መብራት ጠብቋል። አንዲት ልጃቸው ካልዮ ማዕበል ሐኪም አላስመጣ ብሎ፣ በአምስት ዓመቷ፣ ከፋኖሱ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ሞተች። አሁን ማማው የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል፤ ነገ ይከፈታል። የካልዮን ክፍል መጠጥ ቤት አድርገዋታል። ስታማታ «ያቺን አንዲት ክፍል ብቻ ዝጉልኝ» ብላ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ አጽፋ ነበር። መልሱ የጥሪ ካርድ ሆነ።

ደረጃው መቶ ሠላሳ ነው። በየአሥሩ እየተቀመጠች ወጣችው።

የካልዮ አልጋ በነበረበት አዲስ የጣውላ ባንኮኒ ቆሟል፤ ጠርሙስ ተደርድሮበታል።

«አላማረም?» አለ ፓናጎስ፣ ዝም ማለት አቅቶት።

«ሆድ ይፍጀው» አለችና አለፈች።

ላይ፣ በፋኖሱ ክፍል፣ ሰው የሚያህለው አጉሊ መስታወት በቆሸሸ መጋረጃ እንደተከለለ ነው። ሠራተኞቹ የተረፋቸውን ቫርኒሽና ሰጋቱራ በዙሪያው ከምረው ሄደዋል።

«መብራት መጋረጃ ምን ያደርግለታል? ያፍራል እንዴ?» አለ ፓናጎስ።

«ሊኩርጎስ ሲነጋ ሽንቱን እንኳ ሳይሸና እሱን ነበር የሚስበው። አንድ ቀን ቢረሳ እዚህ ያሰጣሁትን የሙሽርነት ብርድ ልብሴን ፀሐይ ለበለበችብኝ። ሦስት ወር አላናገርኩትም።»

«ታዲያ እዚህ ከማን ጋር ሲያወሩ ከረሙ?»

«ከፍየሏ። ከሱ ትሻል ነበር።»

ሰገነቱ ላይ ወጥታ ባሕሩን ቁልቁል አየችው። ፓናጎስ ክንዷን ጨበጠ።

«ነቀልከው እኮ። ምን እንዳልሆንብህ ነው?»

«ነፋሱ ነው፣ እማማ።»

«ነፋሱ ነው ይላል! ልዘል ብፈልግ ይሄን ሁሉ ደረጃ ምን አስወጣኝ? መንደራችን ገደል አጥቶ ነው?»

አፈረ፤ ግን አለቀቃትም።

«ያቺ ድመት የማን ናት?» አለች ሲመለሱ። ድመቷ ከቫርኒሹ ቆርቆሮ ጀርባ ተኝታለች።

«የማንም።»

«እንግዲያው የኔ ናት። ያዝልኝ።»

ያኔ ነው ክንዷን የለቀቀው። ድመቷ እጁን ቧጥጣ፣ ሁለት ጊዜ አምልጣ፣ በመከራ ተያዘች። ዞር ሲል ስታማታ መጋረጃውን አጥፋ በብብቷ ይዛለች። ነጭ ጠጉሯ ተገልጧል፤ ጥቁሩ ሻሽ መስታወቱ መሃል፣ መብራቱ ላይ ተሰቅሏል።

«ሻሽዎስ?»

«ሃያ ዓመት ተሸከምኩት። ደከመኝ። እዚሁ ይረፍ።»

«መጋረጃውስ?»

«አጥቤ እመልሰዋለሁ። ነገ እንግዳ ይሄን እድፍ ይይ?»

ፓናጎስ ልቡ መለስ አለ። የነገ እጥበት የሚያስብ ሰው ዛሬ አይሞትም።

«በል እስከ ታችኛው መንገድ ሸኘኝ። ጉልበቴ እምቢ ብሏል።»

«ማማውን ጥዬ?»

«ድንጋይ ማን ይሰርቅሃል?»

በሩን ቆለፈ። ድመቷን አቅፎ ተከተላት።

ታች መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ አረፈች። ሰማዩ ጠርቷል። ፀሐይ ወደ ባሕሩ ዘቅዘቅ ብላ የማማውን መስታወት ፊት ለፊት ይዛዋለች። ፓናጎስ ለቄሱ ደወለ።

«አባ፣ ደህና ናቸው። መጋረጃ ሊያጥቡ ነው።»

ስታማታ ከጉያዋ የጨው ዓሣ አወጣች።

«ተቀመጥ፣ አንተም ብላ። የምትቸኩልበት የለህም።»

ከማማው አናት ጭስ ሲወጣ ፓናጎስ ብድግ አለ፤ ስታማታ ግን ዞራ ሳታይ ለድመቷ ዓሣ ትቆርስ ነበር።