የጻፍኩትን መልስ ያነበበው ጓደኛዬ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው የመመረቂያ ጥናታችንን ያቀረብን ዕለት ነው...

«ይኼን ጥናት የሠራኸው አንተ ነህ?» አለኝ ፈታኙ መምህር።

«ነኝ» ልለው አፌን ከፈትኩ... ድምፅ የለም።

ክፍሉ ሙሉ ሰው እኔን ያያል። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

አጠገቤ የቆመው የጥናት አጋሬ ነው። ዶርም ውስጥ አልጋችን ትይዩ ነው። ወሬ ስለሚችል «ጋዜጠኛው» እንለዋለን።

እኔ ግን ሲጽፉልኝ እንጂ ሲያናግሩኝ አይሆንልኝም። ስለዚህ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነን የምናወራው በቴሌግራም ነበር...

«መብራቱን አጥፋው» ብሎ ይጽፍልኛል። የአውራ ጣት ምልክት እልክለትና አጠፋለሁ።

ጥናቱም እንደዚያው። እኔ ጽፌ እልካለሁ፤ እሱ ያቀርባል።

«ውጤቱ ከምን መጣ? አስረዳኝ እንጂ!» አለ መምህሩ።

እጄ ሳላዘው ኪሴ ገባ። ስልኬን አውጥቼ እንደ ልማዴ መልሱን ጻፍኩና ላክሁ...

የጋዜጠኛው ስልክ እጁ ላይ ነዘረ። አየት አደረገና ጮክ ብሎ አነበበው። አንድ ቃል አልቀየረም።

«ጎበዝ!» አለው መምህሩ። ወደ እኔ ዞረና... «አንተስ? በጓደኛህ ላብ ልትመረቅ ነው? ያውም ስልክ እየጎረጎርክ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ጋዜጠኛውን አየሁት። «መልሱ የእሱ ነው» ይላል ብዬ ጠበቅሁ...

አቀርቅሮ ጫማውን አየ።

እሱ ተመረቀ። እኔ ወደቅሁ።

እናቴ ለምረቃዬ የገዛችው ሸሚዝ እንደታሸገ ቀረ።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ?» ስትለኝ እንኳ የነገርኳት በጽሑፍ ነው... እሷ ሳሎን፣ እኔ መኝታ ቤት።

በዓመቱ ደግሜ ተፈትኜ ተመረቅሁ። ሳቁ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

የጥናታችን ርዕስ ምን እንደነበር ልንገራችሁ?

«ኢንተርኔት የሚያበዙ ተማሪዎች ሰው ፊት ለምን ይፈራሉ?»

ማስረጃው መምህሩ ፊት ቆሞ ያልበው ነበር...

ኢንተርኔት ማብዛትና ሰው መፍራት አብረው እንደሚሄዱ ጥናቱ ላይ ጽፌያለሁ። የቱ እንደሚቀድም ግን እስከ ዛሬ ግራ ይገባኛል።

ሰው ስለፈራሁ ነው ስልኬ ውስጥ የተደበቅሁት? ወይስ እዚያ ተደብቄ ስለኖርኩ ነው ሰው የፈራሁት?

ትምህርቱ... ዝም ያለ ሁሉ ባዶ አይደለም፤ የተናገረም ሁሉ የራሱን አልተናገረም። ልጃችሁ ከመኝታ ቤቱ ሲጽፍላችሁ መልስ አትላኩ፤ ተነሱና በሩን አንኳኩ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ጥፋቱ የመምህሩ ነው? የስልኩ? የእኔ? ኮሜንት ላይ ንገሩኝ።

አንተ ግን ጋዜጠኛው... ይህን ገጽ እንደምትከታተል አውቃለሁ።

ያን ቀን ለምን ዝም አልክ?

እንዳትጽፍልኝ። መጥተህ በአፍህ መልስልኝ!