የጀሪካኑ ጉርድ ፎቶ

ሮቤ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ቤት ያለው ዘይነዲን አዲስ ኮምፒውተር ገዛ። አሮጌውን ለአንድ የጊኒር ነጋዴ ሸጠው። ነጋዴው ቅዳሜ መጥቶ ሊወስደው ተስማሙ።

«የደንበኞቹን ፎቶ ወደ አዲሱ አዙር፤ የማይታተመውን ተወው» አለው ፎቶ አንሺውን ጉቱን። «ከዚያ አሮጌውን ጥርግ አድርገህ አጥፋው።»

ጉቱ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ደንበኛ ከመቀመጡ በፊት መብራቱን በአንድ ፎቶ ይለካል። ያንን ፎቶ ማንም አያትመውም፤ የሚሰርዘውም ስለሌለ እዚያው ደንበኛው ፎልደር ውስጥ ይቀራል። ሰሞኑን ለመለኪያ ወንበሩ ላይ የሚያስቀምጠው ቢጫ ጀሪካን ነው።

«የጀሪካኑ ጉርድ መቼ ይደርሳል?» ይለዋል ዘይነዲን።

ጉቱ አይስቅም። ዘይነዲንም አይቀየመውም። ጉቱ ታኅሣሥ ላይ ሴት ልጁን ጤቤን ቀብሯል።

ችግሩ ሌላ ነው። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ሰንበቴ፣ ጉቱ ጎባ ላይ የሚከራይ ቤት ሲያጠያይቅ እንደሰማች ለዘይነዲን ነግራዋለች። የጉቱ ሚስት ዘመዶች ያሉት ጎባ ነው። ከሮቤ ጎባ ደግሞ ቅርብ ነው፤ ደንበኛ ለመከተል አይሰንፍም።

ዓርብ ዘይነዲን ለጁምዓ ወጣ። መንገድ ላይ ካፊያ ያዘውና ጃኬቱን ሊወስድ ተመለሰ። የጉቱ ላፕቶፕ ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር በገመድ ተያይዟል። ስክሪኑ ላይ በተከፈተ ጥቁር መስኮት ነጭ ጽሑፍ ይሮጣል።

«ማል ጎታ? ምን እየሠራህ ነው?» አለው።

«እየገለበጥኩ ነው ጋሼ።»

«ወደ አዲሱ አልጨረስክም እንዴ?»

«የደንበኞቹን ጨርሻለሁ።»

ዘይነዲን ጃኬቱን ይዞ ወጣ። ሶላቱን ቢሰግድም ልቡ ፎቶ ቤቱ ነበር። ሲመለስ ኮምፒውተር ጠጋኙን ዳቢሴን ይዞት መጣ። ጉቱ ላፕቶፑን አንግቶ ምሳ ወጥቷል፤ ፎቶ ለመገልበጥ የጻፈው ስክሪፕት ግን አሮጌው ኮምፒውተር ላይ አለ።

ዳቢሴ አነበበው። «ሁሉንም አይወስድም» አለ። «ከየደንበኛው ፎልደር ቁጥሩ ትንሽ የሆነውን፣ መጀመሪያ የተነሳውን አንዱን ብቻ ነው። ከታኅሣሥ ወዲህ ያለውን ደግሞ ይዘለዋል።»

«ናሙና ነዋ» አለ ዘይነዲን። «ጎባ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው። ከታኅሣሥ ወዲህ ያለውን ለምን ዘለለ?»

«ከዚያ ወዲህ የሚያነሳው አያምርማ፤ እሱ ራሱ ያውቀዋል» አለ ዳቢሴ።

እውነት ነበር። ዘይነዲን ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። እናቷ ጤና ጣቢያ ሥራ ስለምትውል ጤቤ ያደገችው እዚሁ ፎቶ ማንሻ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሲደክማት ከመጋረጃው ኋላ ትተኛ ነበር። ይህ ትዝ ሲለው ልቡ ትንሽ ራራ። ቢሆንም ሌባ ሌባ ነው አለና ጨከነ፤ ዛሬውኑ ሊያሰናብተው ወሰነ።

ጉቱ ገና ሲገባ «ላፕቶፑን ክፈት» አለው።

«ከደንበኛ አንድም አልወሰድኩም ጋሼ።»

«ፎልደሩ የማን ሆነና?»

ጉቱ ከፈተው፤ ፊቱን ወደ ደጅ አዞረ። ዘይነዲን መጀመሪያ የተነሳውን አየ፤ ቀጣዩን አየ፤ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ወረደ።

ጀሪካኑ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ጤቤ ተቀምጣለች፤ ከፎቶ ወደ ፎቶ እግሯ ወደ ወለሉ እየቀረበ ይሄዳል።